ጥልቀትን ሳይለዩ መኖር፣ ሕክምናውንም በልኩ ተስፋ ማድረግ

ሁለቱ ዓይኖቻችን ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ተራርቀው ስለተቀመጡ አንድን ዕቃ የሚያዩት በጥቂቱ ከተለያየ አቅጣጫ ነው። አንጎል ሁለቱን ምስሎች አዋህዶ አንድ ካደረገ በኋላ በመካከላቸው ካለው ልዩነት ተነሥቶ ዕቃው ምን ያህል ቅርብ ወይም ሩቅ እንደሆነ ያሰላል፤ ጥልቀትን መለየት የምንለው ይህንን ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ሥዕል በመስተዋት እያሳየ ይህንኑ አረጋግጧል። አንደኛው ዓይን ከልጅነት ጀምሮ የተንሸዋረረ፣ የደከመ ወይም የጠፋ ከሆነ ግን ይህ ውህደት አይገኝም። ሰውየው ያያል፣ ያነባል፣ ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን እጁ የሚደርስበትን ዕቃ ርቀት የሚገምተው ሌላው ሰው በሚገምትበት መንገድ አይደለም።

በደሴና በኮምቦልቻ እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹም ችግሩ ስም እንዳለው እንኳ አያውቁም። ልጅ ሆነው ኳስ መቅለብ ሲያቅታቸው «እጀ ሰባራ» ተብለዋል፣ አድገው ሻይ ሲያፈሱ «ተረጋጋ እንጂ» ተብለዋል። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ግራ ዓይኔ ወደ ውስጥ የዞረ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ይህን መመሪያ ስጽፍም በልቤ ያለው አንድ ነገር ነው፦ ተስፋ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉን ሲጠብቅ ነው። መጀመሪያ መንስኤው በምርመራ ይታወቃል፣ ከዚያም ሕክምናው ተሳካም አልተሳካም ዛሬውኑ ኑሮን የሚያቀሉ ዘዴዎች ይለመዳሉ፣ ሕክምናው የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ይህን ገልብጠው ከሕክምናው የሚጀምሩ ሰዎች ገንዘባቸውንና ወራታቸውን ይከስራሉ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ልጆቻቸው ሊድኑበት የሚችሉበትን ዕድሜ ያሳልፋሉ።

መንስኤው ሳይታወቅ ሕክምና አይጀመርም

ጥርጣሬ ያለበት ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል። ሌላ ሰው አንድ እስክሪብቶ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ክንድዎ በሚደርስበት ርቀት ይያዝልዎት። እርስዎ የራስዎን እስክሪብቶ ከላይ ወደ ታች ፈጠን አድርገው አምጥተው ጫፍ ለጫፍ ለማገናኘት ይሞክሩ፤ መጀመሪያ ሁለቱን ዓይን ገልጠው፣ ቀጥሎ አንዱን ሸፍነው። በሁለት ዓይን አጣምሮ የሚያይ ሰው አንዱን ሲሸፍን መሳት ይጀምራል። ለእርስዎ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ዓይን መሸፈኑ ምንም ካልለወጠ፣ መመርመር ይገባዎታል። ሙከራው ጥርጣሬን ከማጠናከር ወይም ከማቃለል አልፎ በሽታ አይለይም።

በሽታውን የሚለየው የዓይን ባለሙያ ነው፤ ምክንያቱም ጥልቀትን አለመለየት የብዙ የተለያዩ ችግሮች ውጤት ነው። አንዱ ከሕፃንነት የጀመረ መንሸዋረር ነው። ሁለተኛው የሁለቱ ዓይን የመነጽር ቁጥር በጣም ተለያይቶ አንጎል ብዥ የሚለውን ዓይን ችላ ሲለው የሚመጣ ድካም ሲሆን፣ ይህ ከውጭ ሲታይ ምንም ምልክት ስለሌለው ለዓመታት ሳይታወቅ ይቀራል። ሦስተኛው በሕፃንነት የወጣ የዓይን ሞራ፣ የተንጠለጠለ የዓይን ቆብ ወይም በብሌን ላይ የቀረ ጠባሳ ነው፤ በክልላችን ትራኮማ ብዙ ሰው የጎዳ በሽታ በመሆኑ ጠባሳው እንግዳ ነገር አይደለም። አደጋ ደርሶበት አንድ ዓይኑን ያጣ ሰውም አለ። በመጨረሻም ሁለቱ ዓይኖች ደህና ሆነው ሳለ መጽሐፍ ሲያነቡ አብረው ወደ ውስጥ መዞር የሚሳናቸው ሰዎች አሉ፤ እነዚህ ከሁሉም በላይ በልምምድ የሚሻላቸው ናቸው። ለአንዱ የሚጠቅመው ሕክምና ለሌላው ትርጉም የለውም፤ አንዳንዴም ይጎዳዋል።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት ያለበት ደግሞ በድንገት የሚመጣው ነው። ደህና ያይ የነበረ አዋቂ ሰው ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው መታየት ከጀመሩት፣ በተለይም የዓይኑ ቆብ ከወደቀ ወይም ከባድ ራስ ምታት አብሮ ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ይህን በተለይ ልብ ይበሉ።

በአካባቢያችን የዓይን ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያነሣው ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው፣ በተለይም የመንሸዋረር ቀዶ ሕክምና ወይም የሕፃናት ዓይን ስፔሻሊስት የሚፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ ሪፈር የሚጻፍለት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ጎንደር የኦፕቶሜትሪ (የእይታ ምርመራና የመነጽር) ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ቦታ ስለሆነ ስለ መነጽርና ስለ ዓይን ልምምድ ለመጠየቅ ጥሩ ነው።

ለምርመራ ሲሄዱ የድሮ መነጽርዎን፣ የቀድሞ የሕክምና ወረቀቶችንና፣ ሰው ሁሉ የሚረሳውን፣ የሕፃንነት ፎቶግራፎችን ይያዙ። ዓይኑ መዞር የጀመረበት ዕድሜ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው፤ በአንድ ዓመት ልደት ላይ የተነሣ ፎቶ ከእናት ትዝታ የተሻለ ይመሰክራል። ባለሙያው የእያንዳንዱን ዓይን የማየት ኃይል ለየብቻ ይለካል፣ አንዱን ዓይን እየሸፈነና እየገለጠ የሌላውን እንቅስቃሴ ያያል፣ ጠብታ አድርጎ የመነጽሩን ቁጥር ያወጣል፣ የዓይንዎን ውስጥ ይመረምራል። የጥልቀት መለኪያ ካለ ልዩ መነጽር አድርገው የትልቅ ዝንብ ሥዕል ያያሉ፤ ጥልቀት የሚለይ ሰው የዝንቡን ክንፍ ልይዝ ሲል ጣቶቹ ከወረቀቱ በላይ በአየር ላይ ይገጥማሉ፣ የማይለይ ሰው ግን ወረቀቱን ይነካል። ከመውጣትዎ በፊት ውጤቱ በቁጥር እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ። ከወራት በኋላ መሻሻል መኖር አለመኖሩን የሚያውቁት ከዚህ ቁጥር ጋር በማነጻጸር ብቻ ነው።

የጎደለውን ግምት በሌላ መንገድ መሙላት

በሁለት ዓይን የሚገኘው የጥልቀት ግምት ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው በቅርብ፣ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ የጦሳን ተራራ ከነገደሉ የሚያየው ሰው ሁሉ፣ ሁለት ዓይን ያለውም ቢሆን፣ በአመዛኙ የሚተማመነው በሌሎች ምልክቶች ነው፦ ቅርቡ ሩቁን ይጋርደዋል፣ ሩቁ ያንሳል፣ ጥላ ይወድቃል፣ የሩቁ ቀለም ይደበዝዛል። ከልጅነቱ አንድ ዓይን ብቻ ሲጠቀም የኖረ ሰው እነዚህን ሳያውቀው ተምሯቸዋል። በአደጋ ዓይኑን ያጣ ሰው ግን እንደ አዲስ መማር አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዳሉ፣ አብዛኛው ሰው ግን ከወራት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለምደዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘመድ «አብሽር» እያለ ከማጽናናቱ ጋር ዕቃ በየቦታው እንዲቀመጥና ደረጃው መብራት እንዲኖረው ቢያደርግ ትልቅ እርዳታ ነው።

ከምልክቶቹ ሁሉ ኃይለኛው ራስን በማንቀሳቀስ የሚገኘው ነው። ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ አድርገው ሲያወዛውዙ ቅርብ ያለው ነገር ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ ሩቅ ያለው ጥቂት። በፒያሳ መንገድ ዳር ቆመው በቦይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ሊረግጡ ሲሉ ይህን ይሞክሩት፦ አንድ ጊዜ ቆም ብለው ራስዎን አንድ ጋት ያህል ወደ ጎን ቢወስዱና ቢመልሱ የሳንቃው ጠርዝ ከሥሩ ካለው ውኃ ተነጥሎ ይታያል፤ ከፍታው ያኔ ይገባዎታል። ከዚያ የሚቀድመው እግር በጣቱ ጠርዙን ይነካል፣ ክብደት የሚተላለፈው ከነካ በኋላ ነው። ነገሩ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም፣ ልማድ ሲሆንም ማንም አያስተውለውም።

ደረጃ ላይ ትልቁ አደጋ ሲወርዱ ነው፤ ወጥ ቀለም ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ከላይ ሲታይ አንድ ዝርግ ወለል ይመስላልና። በራስዎ ቤት የእያንዳንዱን ደረጃ ጠርዝ በነጭ ወይም በቢጫ ቀለም ያስቀቡ፤ የአንድ ጣሳ ቀለም ወጪ ነው። በሌላ ሰው ቤት የእጅ መደገፊያ ይያዙ፣ መደገፊያ ከሌለ ግድግዳውን። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ስለሆነች በክረምት ጭቃው ሲጨመር ከዘራ ወይም ጃንጥላ መያዝ ለሽማግሌ ብቻ የተተወ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም።

ጉም ለብቻው መነሣት አለበት። ጭጋግ የነገሮችን ቀለምና ጠርዝ ሲያደበዝዝ አንጎል ካሉበት በላይ ሩቅ አድርጎ ይገምታቸዋል፤ ይህ በማንኛውም ሰው ላይ የሚደርስ ስሕተት ቢሆንም ሌላ ማረጋገጫ ለሌለው ሰው ይብሳል። በደሴ ጠዋት ጉም ሲወርድ መንገድ ሲሻገሩ የሚመጣው ባጃጅ ሩቅ ከመሰለዎት ቅርብ ነው ብለው ይነሡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ አሽከርካሪም ይህንኑ ያስብ። መንዳት የሚችሉና የሚፈቀድላቸው ሰዎች በፊታቸው ካለው መኪና ያላቸውን ርቀት በዓይን ግምት ሳይሆን በጊዜ ይለኩ፦ ከፊት ያለው መኪና አንድ ምልክት ሲያልፍ ቀስ ብለው መቁጠር ይጀምሩ፤ እርስዎ ምልክቱ ላይ የደረሱት ሦስት ሳይሞላ ከሆነ በጣም ተጠግተዋል። በጉምና በዝናብ ቁጥሩን እጥፍ ያድርጉት። ያላችሁበትን ሁኔታ በመንጃ ፈቃድ የጤና ምርመራ ላይ አለመደበቅ የሌሎችን ሕይወት ማክበር ነው።

ቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው መቅዳትና መቀባበል ነው። ቡና ሲቀዱ ነጭ ሲኒ በጠቆረ ረከቦት ላይ ቢሆን የሲኒው ከንፈር ጎልቶ ይታያል። የጀበናውን አፍ መጀመሪያ በቀስታ የሲኒው ከንፈር ላይ ያሳርፉ፣ መቅዳት ሲጀምር ብቻ ጥቂት ከፍ ያድርጉ፤ ሲኒው እየሞላ ሲሄድ የሚወርደው ቡና ድምፅ እየቀጠነ ስለሚመጣ ጆሮዎ ከዓይንዎ ቀድሞ ይነግርዎታል። ከፍ አድርጎ በቀጭኑ ማንቆርቆር ለሌላው ያምራል፤ ለእኛ ግን እንግዳ ማቃጠያ ይሆናል። ትኩስ ነገር ሲሰጥዎት ከእጅ ወደ እጅ መቀበሉ ይቅር፤ «እታለም፣ እዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ» ማለት በማንም ዘንድ ነውር አይደለም። ምጣድ ላይ እንጀራ ሲያነሡም ሰፌዱ መጀመሪያ የምጣዱን ጠርዝ ይንካ፣ እጅ ከዚያ ይከተል። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሁለቱን እጆች እርስ በርስ አስደግፈው ክሩን ከጎን ያምጡት፤ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ሲሰኩ ግን የጣትዎ ጫፍ ከማከፋፈያው ፊት ላይ ይረፍ እንጂ ወደ ቀዳዳው አይጠጋ።

ከሰዎች ጋር ስለመሆንም አንድ ነገር ልጨምር። በማያይ ዓይን በኩል የሚመጣ ሰው ሰላምታ ሳይመለስለት ሲቀር ኩራት ይመስለዋል። በስብሰባ፣ በለቅሶና በሠርግ ቤት ደህናው ዓይንዎ ወደ ሰው እንዲሆን አድርገው ይቀመጡ፣ ሲሄዱም አብሮዎት ያለው ሰው በማያየው ዓይንዎ በኩል ይሂድ። ለቅርብ ሰዎች አንድ ጊዜ በግልጽ መናገር ከዓመታት ቅሬታ ያድናል።

ደህናው ዓይን

በአንድ ዓይን የሚተማመን ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ የመነጽር ቁጥር ባያስፈልገው እንኳ በቀላሉ የማይሰበር የፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ፕላስቲክ) ሌንስ ያለው መነጽር ቢያዘወትር ይመከራል፤ እንጨት ሲፈልጥ፣ ብረት ሲሞርድ ወይም ሲበይድ፣ ጀሶና ኖራ ሲያቦካ፣ የባትሪ አሲድ ሲነካ ደግሞ ለሥራው የተሠራ መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የምትሠሩ ሰዎች፣ የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የሚመደበውን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁበትን ሁኔታ ለኃላፊያችሁ ንገሩ። ዓይን ቢቀላም ሆነ ቢያሳክክ የዕፅ ጭማቂ አይግባበት፣ ሐኪም ያላዘዘው ጠብታም እንዲሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ደህናውን ዓይን ማስመርመር ሕክምናው ሁሉ ባይሳካ እንኳ የሚቀር ነገር አይደለም።

ልጅ ከሆነ አትጠብቁ

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አባባል ብዙ ዓይን አጥፍቷል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ አልፎ አልፎ ሊዞር ይችላል፤ ከአራት ወር በኋላ ግን የሚዞር ዓይን መመርመር አለበት። በሁለት ዓይን አጣምሮ የማየት ችሎታ የሚጀምረው ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ዕድሜ ስለሆነ ጊዜው ውድ ነው። በልጁ ብሌን ውስጥ ነጭ ነጸብራቅ ከታየ፣ በተለይም በፎቶ ላይ ከታየ፣ ነገሩ የዓይን ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ይደረስ።

የደከመ ዓይን ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመነጽር ነው፤ ለአንዳንድ ልጆች መነጽሩ ለጥቂት ወራት በትክክል ሲደረግ ብቻውን ይበቃቸዋል። ካልበቃ ደህናው ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል። ወላጆችን የሚያስፈራው ልጁን ቀኑን ሙሉ ማሸፈን ያለባቸው ስለሚመስላቸው ነው፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ከሰባት ዓመት በታች ላሉና ድካሙ መካከለኛ ለሆነባቸው ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት መሸፈን ከስድስት ሰዓት ጋር እኩል ውጤት እንዳለው አሳይቷል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከአንድ ዓመት በፊት ባወጡት ጥናት ደግሞ ደህናውን ዓይን የሚያደበዝዘው የአትሮፒን ጠብታም ከመሸፈን የማይተናነስ ሆኖ ተገኝቷል፤ መሸፈኛውን ለሚገነጥል ልጅ ይህ አማራጭ አለና ሐኪሙን ጠይቁ። መሸፈኛው በመነጽሩ ላይ ሳይሆን በቆዳው ላይ ይለጠፍ፣ ልጁ በዳር አሾልኮ እንዳያይ። በዚያ ሰዓት ፊደል ይቁጠር፣ ሥዕል ይሣል፣ ምስር ይልቀም፤ ዓይኑ በቅርብ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ቀጠሮ አይዝለል፤ የሚሸፈነው ደህናው ዓይን እንዳይደክም ቁጥጥር ያስፈልገዋልና።

ሰባት ዓመት ያለፈው ልጅም ቢሆን አልረፈደበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ካሉት ልጆች መካከል በመነጽር ላይ መሸፈንና ጠብታ ከተጨመረላቸው 53 በመቶው ተሻሽለዋል፤ መነጽር ብቻ ካደረጉት ደግሞ 25 በመቶው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ዕድሉ ይቀንሳል፣ ቀድሞ ምንም ሕክምና ላላገኘ ልጅ ግን መሞከሩ ይገባል። ስለ ቀዶ ሕክምናም ማወቅ ያለባችሁ ዓይኑን ማቅናቱና ጥልቀትን ማየቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው፤ ከሕፃንነት ለጀመረ መንሸዋረር ቀዶ ሕክምናው ከሁለት ዓመት በፊት ሲደረግ ጥልቀት የመለየት ዕድሉ ይሻላል፣ ዘግይቶ ሲደረግ ዓይኑ ቀጥ ብሎም አንጎል ሁለቱን ላያዋህድ ይችላል።

ጸበልም ሆነ ዱዓ ከመነጽሩና ከመሸፈኛው ጋር አብሮ መሄድ ይችላል፤ መሸፈኛውን አስጥሎ መሆን ግን የለበትም። ለልጁ መምህርም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፣ የክፍል ጓደኞች ከማፌዛቸው በፊት መምህሩ እንዲያስረዳቸው።

አዋቂ ሰው ምን ሊጠብቅ ይችላል?

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው «አልፎብሃል» ይሉ ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን በመጀመሪያ ወራቸው ሸፍነው በማቆየት ያ ዓይን በኋላ ሲከፈት የአንጎል ሕዋሳት እንደማይመልሱለት አሳይተዋል፤ በእይታ ላይ ላደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ኋላ ግን አሜሪካዊቷ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ሱዛን ባሪ፣ ከሕፃንነቷ የተንሸዋረረች፣ በልጅነቷ በቀዶ ሕክምና ዓይኗ ቢቀናም ጥልቀት ሳታይ የኖረች ሴት፣ በ48 ዓመቷ ልምምድ ጀምራ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪናዋ መሪ ከዳሽቦርዱ ተነጥሎ በአየር ላይ እንዳለ አየችው። ታሪኳ «አልፎብሃል» የሚለው ቃል ለሁሉም ሰው እውነት እንዳልሆነ አስረድቷል።

ይህን ታሪክ ስሰማ ልቤ እንዴት እንደዘለለ መናገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን እርሷ ሁለት የሚያዩ ዓይኖች ነበሯት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ፕሪዝም (ብርሃንን የሚያጥፍ ሌንስ) ያለው መነጽርና በባለሙያ የሚመራ የወራት ልምምድም አግኝታለች። አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው በልምምድ ጥልቀት ሊያገኝ አይችልም። አንዱ ዓይኑ በጣም የደከመበት አዋቂ በአዘውታሪ ሕክምና የማየት ኃይሉ ጥቂት ሊሻሻል ይችላል፤ ጥልቀቱ ግን ቢመጣም ሻካራ ሊሆን፣ ላይመጣም ይችላል። ሁለት ደህና ዓይን ኖሮት ሲያነብ ብቻ ዓይኖቹ አብረው ወደ ውስጥ መዞር የሚሳናቸው ሰው ደግሞ ጥሩ ተስፋ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ካሉ እንዲህ ያሉ ልጆች መካከል በክሊኒክ በባለሙያ እየተመሩ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ከተለማመዱት 73 በመቶው ሲሻላቸው፣ ቤታቸው እርሳስ ወደ አፍንጫቸው እያቀረቡ ብቻ ከተለማመዱት የተሻላቸው 43 በመቶው ናቸው። በዚያው ጥናት ሕክምና የሚመስል ግን ሕክምና ያልሆነ ልምምድ ከተሰጣቸውም 35 በመቶው ተሽሏቸዋል፤ ስለዚህ «ጎረቤቴን አዳነው» የሚባል ነገር ሁሉ ማስረጃ አይደለም።

«በስልክ በሚሰጥ ተከታታይ ትምህርት መነጽርዎን ይጣሉ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየጊዜው ይመጣሉ። ቅርብ ወይም ሩቅ ማየት የተሳነው ዓይን የሚሳሳተው በቅርጹ ነው፤ ዓይን በማሽከርከርና መዳፍ በማሳረፍ ቅርጹ አይለወጥም። ገንዘብዎን ለትክክለኛ መነጽርና ለትራንስፖርት ያስቀምጡ።

ልምምዱን በሥርዓት መያዝ

ባለሙያው ልምምድ ከፈቀደልዎት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በአንድ ገመድና በሦስት ባለቀለም ዶቃ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ነጭ ገመድ ላይ ዶቃዎቹን አራርቀው ያስገቡ፣ አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ ያስሩ፣ ሌላውን አፍንጫዎ ጫፍ ላይ ይያዙ። መካከለኛውን ዶቃ ሲያተኩሩበት ሁለቱ ዓይኖች አብረው ከሠሩ አንዱ ገመድ ሁለት ሆኖ ዶቃው ላይ ሲሻገር ይታያል፣ ሌሎቹ ዶቃዎችም ሁለት ሁለት ይሆናሉ። አንድ ገመድ ብቻ ከታየ አንጎል አንዱን ዓይን አጥፍቶታል ማለት ነው። ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ርቀት፣ ከፕሪዝም ጋር ወይስ ያለ ፕሪዝም የሚለውን የሚወስነው ባለሙያው ነው።

ያለ ባለሙያ አትጀምሩ የምለው ለጥንቃቄ ያህል ብቻ አይደለም። አንጎል አንዱን ዓይን ያጠፋው ነገሮች ሁለት ሆነው እንዳይታዩት ነው። ይህን መከላከያ በልምምድ ሰብሮ ውህደቱን ሳያገኝ የቀረ ሰው ነገሮች ሁለት ሆነው እየታዩት ሊቀር ይችላል፤ ያ ደግሞ ጥልቀት ከማጣት እጅግ የከፋ ኑሮ ነው። ሲለማመዱ የታየዎት ሁለትነት ልምምዱን ካቆሙ በኋላም ካልጠፋ ወይም መንገድ ላይ ከመጣ ወዲያው አቁመው ወደ ባለሙያው ይመለሱ።

አንድ ደብተር ይያዙ፤ ቀኑን፣ የተለማመዱበትን ጊዜና ዶቃው አንድ ሆኖ የታየበትን ርቀት ይጻፉ። ሲደክሙ፣ ሲራቡ ወይም በጾም ምሽት የሚገኘው ውጤት ይቀንሳልና ሰዓቱን ቋሚ ያድርጉት። ሲጀምሩ ከባለሙያው ጋር የምርመራ ቀን ይቁረጡ፤ ሦስት ወር የተለመደ ልክ ነው። በዚያ ቀን በመጀመሪያ የተለኩበት መለኪያ ይደገም፣ ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ለውጥ ካለ ይቀጥሉ። ለውጥ ከሌለ ደግሞ ልምምዱ ይቁም ወይስ ዓይነቱ ይለወጥ ብለው በግልጽ ይጠይቁ፣ መነጽርዎን ያሳድሱ፣ የደህናውን ዓይን የዓመት ምርመራ ቀጠሮም በዚያው ቀን ያስይዙ።